ነቀርሳ አይደለም

ወንድሜን ከቀበሌ እስር ቤት ያስወጣው ደም ነው። የራሱ ደም። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ የቀረው ነገር አይገባም።

ፒያሳ ወርቅ ሠሪ ነበር። ከጊዮርጊስ ቁልቁል ሲወረድ ካሉት ጠባብ ሱቆች በአንዱ ተቀምጦ ቀለበትና የአንገት መስቀል ይሠራል። እጁ ረቂቅ ነው፤ ምላሱ ግን ከእጁ ይብሳል። አንድ ቀን አምስት አብዮት ጠባቂዎች መጡና ከነሽርጡ ወሰዱት። ክሱ «ለፀረ አብዮተኞች ማኅተም ቀርጸሃል» የሚል ነው። ቀርጾ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ብጠይቀው ስለሚነግረኝ አልጠየቅሁትም።

ከአንድ ወር በላይ ገረፉት። እጅና እግሩን አንድ ላይ አስረው፣ በጉልበቱ ሥር ዱላ አሾልከው፣ ዘቅዝቀው ሰቅለው ውስጥ እግሩን ይቀጠቅጡታል። ወፌ ላላ ይሉታል፤ ስሙን ለሚሰማ የልጆች ጨዋታ ይመስላል። አንድ ቀን እንደተሰቀለ ሳል ያዘውና በመርማሪው ነጭ ሸሚዝ ላይ ደም ተፋ። መርማሪው ዘሎ በሩ ጋ ደረሰ። የቀበሌው ድሬሰር ተጠርቶ መጣ፣ ከሩቅ አየና «ነቀርሳ ነው፤ አብሮት የዋለ ሁሉ ይያዛል» አለ። እግዜርን የማይፈሩት ሰዎች ሳል ፈሩ። በዚያው ቀን በጋሪ አምጥተው በራችን ላይ ጣሉት። መርማሪው ከሩቅ ቆሞ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ፣ «ከሞትክ ተገላገልን። ከዳንክ ግን እንመለሳለን» አለው። እኔ እህቱና እናቴ በጆሯችን ሰማን።

እንግዲህ ነቀርሳ ተባለ። መርፌ ታዘዘለትና በየቀኑ እየደገፍኩ ክሊኒክ አመላልሰው ጀመር። በዚያ ሰሞን ጠዋት ከቤት የሚወጣ ሰው መሬት መሬት እያየ ነው የሚሄደው፤ ሬሳ መንገድ ላይ ያድራላ! አንዱን ልጅ ከነጫማው አውቀዋለሁ፤ ሱቃችን እየመጣ የእናቱን ጆሮ ጌጥ ያስጠግን ነበር። ደረቱ ላይ ወረቀት ለጥፈውበታል። ወንድሜ ቆመና ሊያነብ ሲል በክርኔ ጎሸምኩት። «አታንብብ! ሂድ!» አልኩት። እንዲህ ነበር የምንኖረው።

ነቀርሳው ደግሞ ሌላ መዘዝ አመጣብን። አንድ ግቢ አብራን የምትኖር ጎረቤታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ የነካነውን የቧንቧ እጀታ በአመድ ትፈትግ ጀመር። እናቴ «ደህና አደርሽ» ስትላት ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ዘወር ትላለች። ሃያ ዓመት አብረው የኖሩ ሴቶች እኮ ናቸው! እናቴን ከልጇ መገረፍ እኩል ያቃጠላት ይኼ ነበር። እኔማ ተዉኝ፤ እኔ ከድሮም ቁጡ ነኝ፤ ያቺን ሴት ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር።

መርፌው አምስት ወር ተወጋ። ምንም ለውጥ የለም። ይባስ ብሎ አፍንጫው ይደማ ጀመር፤ ውስጡ እየቆሰለ ቅርፊት ይሠራል። ዓይኑ ቀላ፣ መገጣጠሚያው አበጠ፣ ቅልጥሙ ላይ ወይን ጠጅ መሳይ ነጠብጣብ ወጣበት። እኛ «ግርፋቱ ነው፤ የታጎረው ደም እየወጣ ነው» እያልን የእግሩን ነጠብጣብ ቅቤ ስንቀባ ከረምን። መቼም የኛ ነገር! በመጨረሻ ደም አንቆት አንድ ቀን በመኪና ጭነን ሆስፒታል አስገባነው። እዚያ አንድ አጭር፣ ራሰ በራ፣ ጩኸታም ሐኪም አገኘን።

«አክታው ስንቴ ታየ?» ብሎ ጮኸብኝ።

«ሦስቴ።»

«ጀርሙ ተገኘ?»

«አልተገኘም፤ ግን ራጁ ላይ ሳንባው ተቀዷል አሉን።»

ሱሪውን ገልጦ ቅልጥሙን አየ። በባትሪ አፍንጫው ውስጥ አየ። ሽንት አሰጠው፤ ሽንቱም ውስጥ ደም አለ። «ይኼን ሰውዬ ልብሱን አስወልቆ ያየው የለም? ሁላችሁም ታውራችኋል?»

«ዶክተር፣ ተገርፎ ነበር። ከዱላው ይሆናል ብለን ነው» አልኩ ዝግ ብዬ።

 ሄዶ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጄ፣ አሁን በዚህ ከተማ ደም የሚተፋ ሁሉ ወይ ነቀርሳ ነው ወይ ተገርፏል። ሦስተኛ ነገር መኖሩን እኛም ረስተነዋል» አለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ቁስል እንደሚቆጣ ደም ሥርም ይቆጣል። የወንድሜ ገላ የገዛ ደም ሥሮቹን እየወጋ ይሆናል፤ ሳንባው፣ አፍንጫውና ኩላሊቱ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ሥሮች ግድግዳቸው እየተበላ ነው። «ለዚህ መድኃኒት አለ። ግን ነቀርሳ ሆኖ ይኼንን መድኃኒት ከሰጠሁት እኔ ነኝ የምገድለው፤ ነቀርሳው ይፈነዳበታል። ይኼኛው ሆኖ ደግሞ የነቀርሳ መርፌ ብቻ ከቀጠልን ሁለት ወር አይቆይም። በግምት የሰው ነፍስ አልነካም። ደረቱን ከፍቼ ከሳንባው ቁራጭ ሥጋ ላውጣና በማይክሮስኮፕ ይታይ።»

ፈርሚ አለኝ፤ ፈረምኩ።

እናቴ ስትሰማ ኮሪደሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በጥፊ አጮለችኝ። «ዱላ ያልጨረሰውን ልጄን በቢላ ልታስጨርሺው? ገላው ጎድሎ አፈር ሊገባ?» ደገመችኝ። ሦስተኛው ሲመጣ እጇን ያዝኩና «እማዬ፣ ምቺኝ፣ ግን አልሰርዘውም!» ብዬ ጮህኩባት። በእናቴ ላይ ስጮህ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ወንድሜ ከአልጋው ሆኖ በዚያች ባለቀች ድምፁ፣ «እማዬ፣ እነዚያ እኮ ሳይጠይቁኝ ነው የከተፉኝ። ይኼ ሰውዬ አስፈርሞ ነው። ትልቅ መሻሻል ነው» አላት። እያለቀሰች ሳቀች።

የጎድኑን መሐል ከፍተው የባቄላ ፍሬ የምታክል ሥጋ አወጡ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የዚያ ሆስፒታል ሥጋ መርማሪ ለስብሰባ እንደተጠራ አልተመለሰም፤ ማንም ስለ እሱ አይጠይቅም። ስለዚህ ሥጋውን ከራስ መኮንን ድልድይ ማዶ ወዳለ ሌላ ላቦራቶሪ ቤተሰብ ራሱ ያደርሳል። ሐኪሙ በማርማላታ ጠርሙስ፣ ፎርማሊን በሚሉት ውሃ መሳይ መድኃኒት ውስጥ ነክሮ ሰጠኝ። «እንዳትከፍቺው። ድንገት ከፈሰሰብሽ አልኮል ፈልጊ እንጂ ውሃ እንዳታስነኪው፤ ሥጋው ይበላሻል። ሁለተኛ መቁረጥ የለም። ሁለተኛውን አይችለውም» አለኝ።

ጠርሙሱን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ደረቴ ላይ አጣብቄ ቁልቁል ወረድኩ። ድልድዩ ላይ ፍተሻ አለ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ናቸው፤ አንዱ ጎልማሳ፣ አንዱ ጢሙ ገና ያልበቀለ።

«አንቺ! ምንድን ነው ያቀፍሽው?» አለኝ ወጣቱ።

«ለምርመራ የሚሄድ ነው፣ ጓድ። የሕመምተኛ ነገር ነው።»

«ክፈቺው!»

«አይከፈትም። ሐኪሙ ከልክሏል።»

«ምንድን ነው አልኩሽ እኮ!»

«የወንድሜ ሳንባ ነው!» አልኩት። ምላሴ እንደሁ አያርፍ።

ያላገጥኩበት መሰለው። ነጠላዬን ጎትቶ ጠርሙሱን ነጠቀኝ፣ ክዳኑን ፈተለውና አፍንጫውን ደፋበት። ፎርማሊን ዓይን ያቃጥላል፤ እንባው ዱብ ዱብ አለ። «አሲድ! አሲድ ልትደፋብን ነው!» ብሎ ጠርሙሱን አስፋልቱ ላይ ፈጠፈጠው። ከዚያ ሰደፉ መጣ። አገጬ ላይ ነው ያረፈው፤ ሁለት ጥርስ አፌ ውስጥ ሲነቀል ተሰማኝ። ወደቅሁ። ወድቄም የማየው ሥጋዋን ነው፤ ከስባሪው መሐል፣ ጭቃ ጠርዝ ላይ፣ ግራጫ ሆና ተቀምጣለች። ልጁ ሊረግጣት እግሩን አነሳ። እጄን ጣል አደረግሁባት። ቦቲው እጄ ላይ አረፈና ጣቶቼ ቀጭ አሉ። ደግሞ ረገጠ። ሦስተኛ ሊረግጥ ሲል ቁርጭምጭሚቱን ከነካልሲው ነከስኩት፤ በቀሩት ጥርሶቼ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ። ጩኸቱ ጊዮርጊስ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ጠመንጃውን አቀባበለ።

ጎልማሳው አፈሙዙን ወደ ሰማይ መታው። «ተው አንተ! ሥጋ ነው እኮ! አታይም እንዴ?» ወደ እኔ ዞሮ «ጥፊ! ጥፊ ከዚህ!» አለኝ። ሥጋዬን በመዳፌ ጨብጬ እግሬ አውጪኝ አልኩ።

ከድልድዩ ሥር ካሉት አረቄ ቤቶች ወደ አንዱ ዘው አልኩ። ባለቤቲቱ አፌን አየች፣ እጄን አየች፣ «ውይ የኔ እናት! ነይ ልጠብሽ!» ብላ የውሃ ጣሳ አንስታ መዳፌ ላይ ልታፈስ ነው። መቼም ጭቃ የነካው ሥጋ ይታጠባል፤ ደግ አሰበች። ጣሳውን በክርኔ መትቼ ግድግዳ ላይ አጋጨሁት። «ውሃ እንዳይነካው! አረቄ! አረቄ ስጪኝ!» ስል፣ ሴትዮዋ ልጠጣው መስሏት በመለኪያ ቀድታ ሰጠችኝ። ሥጋዋን መለኪያው ውስጥ ጣልኳት። «እግዚኦ!» አለች ሴትዮዋ። እንደዚያው በመለኪያው፣ በሳህን ከድኜ ወሰድኩት። መለኪያዋን ሳልመልስላት ቀረሁ።

የላቦራቶሪው ሰው አሸተተና «ፎርማሊኑስ?» አለኝ።

«ድልድዩ ጠጣው።»

አገጬንና ጣቶቼን አየ። «ፎርማሊኑ ቀድሞ ይዞታል፤ አረቄውም አይጎዳውም። በሳምንቱ ነይ» አለኝ። በሳምንቱ ስሄድ ሥጋዋን በሰም ውስጥ አድርቆ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ ይልቅ አሳስቶ ቆርጦ፣ ቀለም ነክሮ መስታወት ላይ ለጥፏታል። በማይክሮስኮፑ እንዳይ ቦታውን ለቀቀልኝ። ሮዝና ሐምራዊ ነገር ነው የሚታየው። «ይህ ክቡ ደም ሥር ነው። እዚህ ጋ ግድግዳ ነበረው» አለኝ። ግድግዳው አሁን የለም፤ ተቦጫጭቋል። «የነቀርሳ ጀርም ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። ነቀርሳ አይደለም» ብሎ ወረቀቱን ፈርሞ ሰጠኝ። እጁን ሳምኩት። እጄ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ አገጬ አብጦ፣ ከዚያ እስከ ቤቴ እየሳቅሁ ነው የሄድኩት።

ወንድሜ ሲሰማ፣ «ጉድ እኮ ነው፤ እኔ ተኝቼ ሳንባዬ ብቻዋን ፒያሳን ዞራ፣ አረቄ ጠጥታ፣ ተደባድባ ገባች» አለ።

ሐኪሙ ኮርቲዞንና አንድ የካንሰር ሕመምተኞች የሚወስዱት ክኒን ከየትም ከየትም ብሎ አገኘለት። በሦስተኛው ሳምንት ደሙ ቆመ። በሁለተኛው ወር ያለ ደጋፊ ደረጃ ወጣ። ዳነ ማለት ነው! ያኔ ነው ወንድሜ እኔንና እናቴን አስቀምጦ የተናገረን። «ለነሱ ነቀርሳ ነኝ። ነቀርሳ እስከሆንኩ ድረስ በራችንን አያልፉም። መዳኔ ከተሰማ ይመጣሉ፤ ብለዋል። እታለም፣ በተለይ አንቺ፣ ምላስሽን ያዢልኝ።» ጊዮርጊስን ብዬ ማልኩለት። እናቴም ማለች።

ከዚያ በኋላ ቲያትር ሆነ ኑሯችን። ጠባቂዎቹ በአጥሩ ሥር ሲያልፉ ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ይስላል፤ በቀይ ሥር ውሃ የነከርነውን መሐረብ አፉ ላይ ይዞ። እነሱ መንገድ ይቀይራሉ። ግን መድኃኒቱ ፊቱን አሳበጠው፤ ጉንጩ ሞልቶ እንደ ቄስ ሆነ። «ነቀርሳም ያወፍራል እንዴ?» አለች ያቺ ጎረቤታችን አንድ ቀን በቧንቧው ላይ። መልስ አልሰጠኋትም። አቤት እንዴት እንደከበደኝ።

አራት ወር እንዲህ ቆየን። ከዚያ የቀበሌው ሱቅ ስኳር መጣ ተባለና ከእናቴ ጋር ልንሰለፍ ሄድን። እናቴ ሰልፉ ውስጥ ገባች፤ እኔ የራሽን ደብተሩን ላስመዘግብ ወደ ፊት ሄድኩ። ዞር ስል ጎረቤታችን ከእናቴ ኋላ ቆማለች። «እሳቸው መጨረሻ ይቁሙ! የነቀርሳ ቤት ሰው ከኛ ልጆች ጋር ይተነፍሳል?» እያለች ትጮሃለች። እናቴ አልወጣም አለች። ሴትዮዋ በእጇ ላለመንካት፣ በያዘችው ዱላ የእናቴን ነጠላ ጠምዝዛ ጎተተቻት። እናቴ ጭቃው ላይ በፊቷ ወደቀች። ሰዉም ሊያነሳት አልደፈረም፤ ራቅ አለላት እንጂ።

ዓይኔ ደም ለበሰ። ፀጉሯን በሁለት እጄ ጨብጬ ጭንቅላቷን ከሱቁ ቆርቆሮ ጋር አጋጨሁት። ደገምኩ። ሠለስኩ። ደሟ ቆርቆሮው ላይ ሲረጭ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። እየመታኋትም፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ፣ «ነቀርሳ አይደለም! ወንድሜ ነቀርሳ የለበትም! ሳንባው ተቆርጦ ታይቷል! ወረቀት አለኝ! ድኗል!» አልኩ።

 የሱቁ ሠራተኛ የቀበሌው ሰው ነው፤ ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ያየኛል። እናቴ ጭቃው ላይ እንዳለች በእጇ አፏን ይዛለች። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እኔ ግን ሲያመልጠኝ አውቄዋለሁ። አራቱን ወር ሙሉ አፌ ውስጥ ይዤው የቆየሁት ነገር አንድ በአንድ ሲወጣ እየሰማሁ ማቆም አልቻልኩም።

ሮጬ ቤት ገባሁ። ወንድሜ ወለሉ ላይ ተቀምጦ የእናቴን ጫማ ይጠግናል። ነገርኩት።

«ስንት ሰው ሰማ?»

«ሁሉም።»

የሚሸሽበት አልነበረም፤ በሁለቱም በኩል ኬላ ነው። ተነስቶ የራሱን ጫማ አደረገ። «መታሻት?» አለኝ ክሩን እያሰረ።

«መታኋት።»

«ደህና አድርገሽ?»

«ደህና አድርጌ።»

«ጎሽ» አለኝ።

እናቴ ከነጭቃዋ ከገባች ብዙም አልቆየም፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጡ። መርማሪው ራሱ ነው የመጣው፤ መሐረብ አልያዘም። «ወረቀቱን አምጪ» አለኝ። ትራሱ ሥር ነበር፤ አመጣሁ። እንግሊዝኛ ነው፤ ገለባበጠውና መልሶ ሰጠኝ። «የቱ ጋ ነው ነቀርሳ አይደለም የሚለው? አሳዪኝ።» አላሳይም አልኩት። ጠመንጃውን እናቴ አንገት ላይ አደረገ። በዚያች ተሰብራ ተጣማ በገጠመች ጣቴ አሳየሁት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወንድሜን፣ ሐኪሙ የከፈተው ጎድኑ ላይ፣ በጫማው መታው። ጎትተው ወሰዱት።

ለአሥራ አንድ ቀን ስንቅ አመላለስኩ። ክኒኑን በእንጀራው መሐል እየጠቀለልኩ ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የበሩ ጠባቂ ሰሃኑን ሳይከፍት መለሰልኝ። «ከእንግዲህ አታምጪ» አለኝ። የዚያ ዘመን ሰው ትርጉሙን ያውቃል። ሬሳውን አልሰጡንም። እነሱ የገደሉት ሰው አይለቀስለትም፤ ያለቀሰች እናት አብራ ትታሰራለች። የገደሉት እነሱ ናቸው። ያስያዝኩት ግን እኔ ነኝ፤ ይህን ማንም እንዲያስተባብልልኝ አልፈልግም።

እናቴ ሁለት ቀን ውሃ ሳትቀምስ ግድግዳ ስታይ ቆየች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ግቢው መሐል ወጣችና እሪ አለች። «ልጄን ነቀርሳ ገደለብኝ! ሆስፒታሉ ይተላለፋል ብሎ እዚያው ቀበረብኝ!» ሰፈሩ ሁሉ እውነቱን ያውቃል። ሰፈሩ ሁሉ እየጮኸ መጣ። ከሁሉም በፊት የደረሰችው ያቺ ጎረቤታችን ናት፤ ጭንቅላቷ እንደታሰረ እናቴ እግር ላይ ወድቃ ደረቷን ደቃች። እናቴ አቀፈቻት።

ጩኸቱን ሰምተው ሁለት አብዮት ጠባቂዎች በሩ ላይ መጡ። «ምን ሆኖ ነው የሞተው?» አሉ። ሰዉ ወደ እኔ ዞረ። እናቴም አየችኝ፤ ከሰልፉ ቀን ወዲህ ዓይኔን ስታየኝ ያ የመጀመሪያዋ ነው።

«ነቀርሳ» አልኩ።

ሄዱልን። እናቴም ልጇን ሦስት ቀን ሙሉ፣ በሙሉ ድምፅዋ አለቀሰችው። ለቅሶ ደራሹ በገባ ቁጥር ወግ ነውና ምን አግኝቶት እንደሞተ ይጠይቃል፤ የምመልሰው እኔ ነበርኩ።